ርኅራኄ ሰዓት ይፈልጋል

ስለ ነርሶች የሥራ ሕይወትና የሙያ ሥነ ምግባር በኡራኤል ለአካባቢው ነዋሪ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ነርሶች ነው። በዚህ አካባቢ ለሚኖር ሰው ጉዳዩ ሩቅ አይሆንበትም። ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ቅርባችን ነው። በአገራችን ይኖሩ የነበሩ ሕንዳውያን ባዋጡት ገንዘብ የተሠራው ጋንዲ መታሰቢያም በዚሁ በቂርቆስ ነው፤ ከመካከላችሁ እዚያ የተወለደ ወይም የወለደች አይጠፋም። ልጁን በጤና ጣቢያ ያላስከተበ ወላጅ፣ ከግል ክሊኒክ በር ላይ ወረፋ ያልጠበቀ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ሁላችንም ስለ አንዲት ነርስ የምናወራው ነገር አለን። አንዱ «እግዜር ይስጣት፣ እንደ እናቴ ሆና አስታመመችኝ» ይላል። ሌላው «ደጋግሜ ብጠራት ዘወር ብላ አላየችኝም» ይላል። ሁለተኛው ሲነገር አብሮት የሚከተል ፍርድ አለ፦ «የዛሬ ልጆች ሙያውን አይወዱትም፤ እንጀራ ፍለጋ ነው የገቡበት።»

ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ውስጥ፣ መጀመሪያ በመኝታ ክፍል፣ በኋላም በማስተማር አሳልፌያለሁ። ይህ ፍርድ ትልቁን ነገር ሳያይ የሚያልፍ ይመስለኛል። የነርስ ሥነ ምግባር ከነርስ የሥራ ሕይወት ተነጥሎ ሊቆም አይችልም። ርኅራኄ በልብ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ስሜት ቢሆን ኖሮ የልብ ጉዳይ ነው ብለን በተውነው ነበር። ነገር ግን ርኅራኄ በእጅ፣ በቃልና በደቂቃ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ደቂቃው ከሌለ አይሠራም። ይህን ስል በድካም የማይፈርሱ፣ በደመወዝ ማነስ የማይሰረዙ ግዴታዎች እንዳሉም አውቃለሁ። ወደ እነሱም እመጣለሁ።

እስቲ አንድ ሌሊት አብረን እንቁጠር። በአንድ የውስጥ ደዌ መኝታ ክፍል 20 ሕሙማን ተኝተዋል፣ ዲዩቲ የገቡት ሁለት ነርሶች ናቸው እንበል። ለእያንዳንዳቸው 10 ሰው ደረሳቸው። የአንድን ሰው ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን መጠን በወጉ ለክቶ ቻርቱ ላይ ለመጻፍ 5 ደቂቃ ያስፈልጋል። ለ10 ሰው 50 ደቂቃ ሆነ። በየ4 ሰዓቱ ከተደገመ በ12 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ስለሚሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቀጥሎ መድኃኒት አለ። በደም ሥር የሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን እንደ ውኃ አይደፋም። ይበጠበጣል፣ ካኑላው መሥራቱ ይታያል፣ ቀስ ተብሎ ይሰጣል፣ ይመዘገባል። ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ ብንይዝና እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ቢኖረው ከሦስት ሰዓት በላይ ሄደ። ራሳቸውን ማንቀሳቀስ የማይችሉ ሕሙማን ገላቸው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው፤ ይህ ደግሞ የሁለት ሰው ጉልበት ይፈልጋል። ማታ ሪፖርት መቀበል፣ ጧት ማስረከብ አለ። ያለቀ ግሉኮስ መቀየር፣ የራሰ አንሶላ ማንሳት አለ። በመካከሉ ከድንገተኛ ክፍል አዲስ ሕመምተኛ በወንበር እየተገፋ ይመጣል። ሌላው ጥግ ላይ ያሉት አባት ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ይጀምራል፤ ሁለቱም ነርሶች ወደዚያው ይሮጣሉ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ግድግዳው ሥር የተኙት፣ ሕመማቸው ያልበረታ፣ ግን ፍርሃት እንቅልፍ የነሳቸው እናት «ልጄ፣ ነገ የሚያደርጉልኝ ኦፕራሲዮን ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ የሚሰጥበት ደቂቃ በየትኛው መስመር ላይ ተያዘ? የትም አልተያዘም። እናንተ ርኅራኄ የምትሉት፣ ሲጎድል የምታዝኑበት ነገር ግን ያ ደቂቃ ነው።

ይህ የእኔ የጣት ስሌት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሊንዳ ኤይከን የተባሉ አሜሪካዊት የነርሲንግ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፔንስልቬንያ ግዛት 168 ሆስፒታሎችን አጥንተው ነበር። ለአንድ ነርስ አንድ ተጨማሪ ሕመምተኛ በተመደበ ቁጥር ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። ነርሷ በሥራ ብዛት የመዛልና ከሥራው የመሰልቸት ዕድሏ ደግሞ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የእሷ መዛልና የሕመምተኛው ሞት በአንድ ጥናት ውስጥ፣ ከአንድ ምክንያት ጋር ተያይዘው ታዩ። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 ሕግ አውጥታ ከ2004 ጀምሮ አንድ ነርስ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለውን ሰው ወሰነች። ዛሬ እዚያ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንድ ነርስ ከሁለት ሕመምተኛ፣ በተለመደው መኝታ ክፍል ከአምስት በላይ አይመደብም።

እኛ ዘንድ የሚያሳዝነው ነገር ሁለት ዓይነት እጥረት ጎን ለጎን መቆሙ ነው። መኝታ ክፍሉ ነርስ ያንሰዋል። ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው፣ የብቃት ምዘናውን አልፈው፣ የሙያ ፈቃዳቸውን ይዘው ሥራ የሌላቸው ወጣት ነርሶች ደግሞ በየሰፈሩ ተቀምጠዋል። ይህን የምለው የሚቀጥረው በጀት ከየት እንደሚመጣ ማሰብ ያለበት ክፍል እዚህም ስላለ ነው።

ስለ እንቅልፍ ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሞ በወጣ የታወቀ ጥናት ላይ እንደታየው፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። 24 ሰዓት ከደፈነ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ጠጥቶ የሚነዳን ሾፌር ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመዋል። ለሃያ ሰዓት ዓይኗን ያልከደነች ነርስ የሕፃን መድኃኒት በሚሊ ሊትር ስትለካ ግን የሚያስቆማት የለም፤ እንዲያውም ጠንካራ ሠራተኛ ትባላለች።

ለምን አልተኛችም? ከመንግሥት ሆስፒታል ዲዩቲ ወጥታ ወደ ግል ክሊኒክ ፓርት ታይም ስለምትሄድ ነው። ለምን ፓርት ታይም ትሠራለች? ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ የቤት ኪራይ እናንተም ትከፍላላችሁ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል ሲሻሻል የአንድ ጀማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። መሻሻሉን መካድ አይገባም። ያም ሆኖ በዚህ ገንዘብ ከሥራ ቦታዋ አጠገብ ቤት ተከራይታ፣ ልጅ አስተምራ፣ ወር የምትደርስ ነርስ አላውቅም። ካዛንቺስ ስትፈርስ የሆነውንም ታስታውሳላችሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሲሄድ፣ ከቀበሌ ቤቷ ወጥታ በእግሯ ሥራ ትገባ የነበረች የጤና ሠራተኛም አብራ ሄዳለች። ዛሬ እንደዚያች ያለች ሴት በጨለማ ተነስታ ታክሲ ትጋፋለች፤ ማታም ሰርቪስ ከሌለ በጨለማ ትመለሳለች። ነርሲንግን ያጠኑ ሰዎች የሥራ ሕይወት ጥራት ሲሉ የሥራ ቦታን ብቻ አይመለከቱም፤ ቤትና ሥራ እንዴት እንደሚገናኙም ከመመዘኛቸው መካከል ነው። ደክማ የምትገባ ነርስ ድካሟን ያገኘችው በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ዝም አላለም። የግል ተቋማትን የሚገዛው የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያውም ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። በኡራኤልና በአካባቢዋ ክሊኒክ የከፈታችሁ ባለሀብቶች በመካከላችን ካላችሁ፣ ፋሲካን ስትሠራ ላደረች ነርስ የከፈላችሁትን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በመንግሥት ተቋማት ደግሞ ብዙ ነርሶች የሚያነሱት ቅሬታ ዲዩቲ የሠሩበት ገንዘብ ወራት ቆይቶ መድረሱ ነው። በዘገየ ክፍያ ላይ ስለ ታማኝነት ስብሰባ ሲጠሩ ቃሉ ጆሯቸው አይገባም፤ አልፈርድባቸውም።

አደጋም አለ። በተጠቀሙበት መርፌ የተወጋ ሰው፣ ሕመምተኛው ቫይረሱ ያለበት ከሆነ፣ በኤች.አይ.ቪ. የመያዝ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ያልተከተበ ከሆነ በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያለ ነገር ነው። ነርሷ ሳትከተብ ዋርድ መግባቷ የአሠሪዋ ጥፋት ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ሥነ ምግባሩ ልግባ፤ ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስለ ነርስ ሥነ ምግባር ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያስበው ስድብን፣ ቁጣን፣ ጉቦን ነው። እነሱ ይታያሉ። እኔን በብዙ ሌሊት ያስጨነቀኝ ግን የማይታየው ነው፤ ያልተለካን ነገር እንደተለካ አድርጎ መጻፍ።

በማንኛውም ሆስፒታል ያላችሁ ነርሶች ታውቁታላችሁ። ጧት ቻርት ሲገለጥ የአሥሩም ሰው ትንፋሽ በደቂቃ 20 ነው። የአሥሩም ሙቀት 36.5፣ የአሥሩም የደም ግፊት 120/80 ነው። አሥር የታመሙ ሰዎች እንዲህ ተመሳስለው አያድሩም። ሌሊቱ አላዳረሰም፤ ወረቀቱ ግን መሞላት ስላለበት ተሞላ። ጉዳቱን ደግሞ እዩት። ደም የተመረዘበት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሹ ነው፤ ሌላው ሁሉ ገና ደህና ሳለ ትንፋሹ ይፈጥናል። 28 ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ተረኛው ሐኪም በሌሊት ይጠራ ነበር። 20 ስለተባለ ሰውየው ደህና አደረ ተባለ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይወሰዳል፣ አልጋ ከተገኘ። ይህ ስድብ የለበትም፣ ጩኸት የለበትም፣ አስታማሚም አያየውም። ከስድብ ግን የከፋ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በአንድነት እላለሁ፤ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን እንዳትተዉብኝ። መጀመሪያ፦ ያልለካችሁትን አትጻፉ። ካልደረሳችሁ «አልተለካም» ብላችሁ ጻፉ፣ ሰዓቱንና ምክንያቱንም ጨምሩ። ይህ ባዶ ቦታ እውነት ነው፤ ጧት የሚመጣው ሐኪም የትኛውን ሰው ቀድሞ ማየት እንዳለበት ይነግረዋል። ሁለተኛ፦ በመኝታ ክፍል ኃላፊነትና በማትሮን ወንበር ላይ ያላችሁ፣ ባዶ ቦታ የተወችውን ነርስ ቀጥታችሁ ወረቀቱን በሐሰት የሞላችውን ካመሰገናችሁ፣ ውሸትን ያስተማራችኋት እናንተ ናችሁ። ብዙ የመኝታ ክፍል ኦዲት የሚያየው ቅጹ መሞላቱን ነው። ማንም ወጣት ነርስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ውሸት ልጻፍ ብላ አትወጣም። ባዶ ቦታ ትታ የተሰደበችበት የመጀመሪያው ጧት ነው የሚያስተምራት።

እ.ኤ.አ. በ1984 አንድሩ ጄምተን የተባለ አሜሪካዊ የፍልስፍና ሰው ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ስም ሰጥቶታል። ትክክለኛው ነገር ምን እንደሆነ እያወቁ፣ የሚሠሩበት ተቋም አሠራርና እጥረት እንዳያደርጉት ሲከለክላቸው ነርሶች የሚሰማቸው የሕሊና ሥቃይ ነው። የእኛ ነርሶች ይህን ሥቃይ ስሙን ሳይሰሙ ኖረውበታል። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ጠፍቶ «ከውጭ ግዙ» ብላ ወረቀት የምትሰጠው እሷ ናት። ወረቀቱን የተቀበለው አባት ኪሱን ዳብሶ ዝም ሲል የምታየውም እሷ ናት። ተረኞች አዋጥተው መድኃኒት ሲገዙ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! የማያዋጡበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ዓይኗን ታዞራለች። ያልተመለከተቻችሁ ነርስ ጨካኝ ሆና ላይሆን ይችላል፤ ያየችውን ሁሉ መሸከም ያቃታት ልትሆን ትችላለች። ይህ ምክንያት ነው፤ ይቅርታ የሚሆነው ግን እሷ ራሷ ልትታረም ስትፈልግ ነው።

በድካም የማይፈርሱ ግዴታዎች አሉ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ምስጢር ነው። በዚህ ሰፈር ይህ ነገር ልዩ ክብደት አለው። የኤች.አይ.ቪ. ወረርሽኝ በበረታባቸው ዓመታት ሰው ሁሉ ተዋውቆ፣ በአንድ ዕድር ተቀባብሮ፣ በአንድ ማኅበር ጠጥቶ በሚኖርበት መንደር መካከል ነርሶች የጎረቤታቸውን ውጤት በእጃቸው ይይዙ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር በየወሩ የሚመላለሰው ሰው በዛ። መድኃኒት የምትሰጠው ነርስ በወሩ 22 ቀን ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ያንኑ ሰው ከሚስቱ ጋር ቆሞ ታገኘዋለች። ቀድማ ሰላም ካለችው «ከየት ታውቂዋለሽ?» ይመጣል። ስለዚህ እሱ ካልጀመረ ዓይኗን ትሰብራለች። ብዙዎች ይህን ለዓመታት አደረጉ፤ ማንም አላመሰገናቸውም፣ ምክንያቱም ማንም አላወቀም። በዚያን ጊዜ ሰዎች ለምርመራ መምጣት የቻሉት፣ መድኃኒታቸውንም ሳያቋርጡ የወሰዱት እንዲህ ያሉ ነርሶችን ስላመኑ ነው። በአንጻሩ አንድ ቃል ያመለጣት አንዲት ሠራተኛ አንድን መንደር ሙሉ ከጤና ጣቢያ ልታስቀር ትችላለች። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን መግለጥን ወንጀል ሲያደርግ ከሐኪሞች ጋር ነርሶችንና አዋላጆችን የጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ ምስጢሩ የሚወጣው በስልክ ነው። ዋርድ ውስጥ የተነሳ ፎቶ፣ ከበስተጀርባው የተኛ ሰው የሚታይበት ቪዲዮ፣ በቴሌግራም የተላለፈ የኤክስሬይ ፊልም ከነስሙ። ፎቶ አንሺዋ ክፋት አላሰበችም ይሆናል። የተኛው ሰው ግን አልተጠየቀም። አስታማሚዎችም ይህን እንደምታደርጉት ልንገራችሁ፤ የአባታችሁን አልጋ ስታነሱ የጎረቤት አልጋውን ሰው አብራችሁ አንስታችኋል።

ሁለተኛው ሰውነትን ማክበር ነው። በምጥ ላይ ያለችን ሴት መምታት፣ «ስትፀንሺው አልጮኽሽም» ብሎ መሳደብ፣ መጋረጃ ሳይዘጋ ገላዋን መግለጥ፣ ለዚህ ድካም ምክንያት አይሆንም። አልቀበልም። ለ12 ሰዓት የቆመች ነርስ ድምፅዋ ሊሻክር ይችላል፤ እጇ ግን ለመምታት አይነሳም። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ሥልጠናው ተሰጠ፣ ጽሑፉም በየኮሪደሩ ተለጠፈ። ከጽሑፉ ሥር የቆመችው ነርስ ግን ያው 10 ሕመምተኛ ይዛ ነበር። ስለ ባሕርይ ተነገራት፣ ስለ ሰዓቷ የጠየቃት አልነበረም።

ነርሶችን «መላእክት» እያሉ ማወደስም አይረዳም። መልአክ ደመወዝ አይጠይቅም፣ አይደክመውም፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አያመጣም። የሙያው እናት ስለምትባለው ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተነገረን ፋኖስ ይዛ የምትዞር ሴት መሆኗ ነው። እሷ ግን ከፋኖሱ ይልቅ በቁጥሯ ነው ትልቅ የሆነችው። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ በስኩታሪ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ላይ ከታካሚዎቹ ከመቶ ከ40 በላይ ይሞቱ ነበር። ከለንደን የመጣ የንጽሕና ኮሚሽን የፍሳሹን መውረጃ አስጠርጎ አየር እንዲገባ ካደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ እጅግ ወረደ። ናይቲንጌል ከዚያ በኋላ ለዓመታት ባለሥልጣናትን በቁጥርና በሥዕላዊ መግለጫ ስትሞግት ኖረች። የነርስ ሥነ ምግባር ስለ ጎደለ አንሶላ አለቃን መጠየቅንም ይጨምራል ማለት ነው።

የእኛም አገር ታሪክ አለ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርሲንግ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቀች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ናት፤ የሕፃናት አልጋ አነጠፈች፣ ጨርቅ ቀየረች። አገሯ ገብታ ብዙ ሳትቆይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመቷ አረፈች። በስሟ በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው፤ ነርሶችም ሠልጥነውበታል። ሠልጥና መጥታም ወልዳ ለመትረፍ የሚያበቃ አገልግሎት በአጠገቧ አላገኘችም። ስለ እሷ ሳነብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ስለ ሥራ ማቆም ጥያቄ ዝም ብዬ ባልፍ ታማኝ አልሆንም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸውን በአደባባይ አሰሙ፤ በተለያዩ ሆስፒታሎች ከፊል የሥራ ማቆም ተደረገ፤ የታሰሩም ነበሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሆስፒታሎችንና ክሊኒኮችን ሥራ ማቆም ከማይፈቀድባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች ይቆጥራቸዋል። እኔ ድንገተኛ ክፍልን፣ ማዋለጃንና ጽኑ ሕሙማንን ባዶ ትቶ መውጣትን በሕሊናዬ ልቀበለው አልችልም። ነገር ግን ሥራ እንዳያቆሙ የተከለከሉ ሰዎች ከሌላው ሠራተኛ ሁሉ ቀድመው ሊደመጡ ይገባል። ክልከላው አሠሪው ላይ ዕዳ ይጥላል፤ ዕዳውም በጊዜው መልስ መስጠት ነው። ደመወዝ የጠየቀን ነርስ በእስር መመለስ ሕመምተኛውን አያድነውም።

የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው፣ በ2021 ደግሞ ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብ ነርስ ለሥራዋ ብቁ ሆና እንድትቀጥል የራሷን ጤና መጠበቅን ከግዴታዎቿ ይቆጥራል። ወጣት ነርሶች ይህን አንብቡት። ሦስተኛ ተከታታይ ሌሊት ግቡ ስትባሉ «አልችልም፣ ሰው ልጎዳ እችላለሁ» ማለት ስንፍና አይባልም። በጽሑፍ በሉት፣ ቀን ጻፉበት፣ ኮፒውን ያዙ።

አስተዳዳሪዎች፣ ከእናንተ ብዙ ነገር ገንዘብ አይፈልግም። የወሩን የዲዩቲ ፕሮግራም ወሩ ሳይገባ ለጥፉ፤ ልጅ ያላት ሴት ኑሮዋን እንድታስተካክል። ተረኞች ተራ በተራ አንድ ሰዓት ጋደም የሚሉበት ንጹሕ ክፍልና የሚቆለፍ ሳጥን ስጡ። የሄፓታይተስ ክትባት አስከትቡ። የዲዩቲ ክፍያውን በወሩ ክፈሉ። ባዶ የተተወ ቻርት ስታዩ ከመቆጣታችሁ በፊት በዚያ ሌሊት ስንት ሰው ለስንት ነርስ እንደተመደበ ጠይቁ።

እናንተ ነዋሪዎች ደግሞ፣ አስታማሚ ሆናችሁ ስትገቡ ከአልጋው አጠገብ አንድ ሰው ይቅር፤ አሥር ሆናችሁ አትግቡ። ነርሷን በስሟ ጥሯት፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል። የተሰጠው መድኃኒት ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ሳታስፈራሩ ጠይቁ። ነርስ የሚደበድብ ቤተሰብ አለ፤ ይህን በዕድርም በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም አውግዙልን። በደል ከደረሰባችሁ ለሆስፒታሉ የቅሬታ ክፍል በጽሑፍ አቅርቡ፤ በጽሑፋችሁ ላይ ግን አንድ መስመር ጨምሩበት፦ በዚያ ሌሊት በክፍሉ ውስጥ ስንት ሕመምተኛና ስንት ነርስ እንደነበረ። ያ መስመር በመቶ ሰው ቅሬታ ላይ ሲደጋገም ቅሬታው ከአንዲት ልጅ ላይ ተነስቶ ሰው ወደሚመድበው ቢሮ ይሄዳል። እባካችሁ፣ ከነገ ጀምሮ ቁጠሩልን።